ለሁለት ሰው ብቻ

ጋሽ ወርቅነህ ያረፉት በገበያ ቀን ነው። ወረታ በገበያ ቀን ሟችን እንኳ ወረፋ ታስጠብቃለች። የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ መገናኛ ላይ የጭነት መኪናው ክላክስ ያምባርቃል፣ ባጃጁ ይጮኻል፣ በዚያ ሁሉ መካከል የዕድር ጡሩንባ ቢነፋ ማን እንደሞተ ለመስማት ጆሮ ያስፈልጋል። እኔ ቁጭ ብዬ ሽንኩርት እየመረጥሁ ነበር። ሻጯ አንገቷን ቀና አድርጋ አጠገቧ ያለችውን ጠየቀቻት።

"ማን ነው እሚለው?"

"ወርቅነህ እሚል መሰለኝ።"

"የትኛው ወርቅነህ?"

"ያ ቁማርተኛው ነዋ! ከእማሆይ ግቢ ያለው።"

"እህ፣ ነፍስ ይማር" አለችና ሚዛኗን አነሳች።

ሽንኩርቱን እዚያው ጥዬ ተነሣሁ። ከሞታቸው ይልቅ ያ ቁማርተኛ የሚል ቃል ነው ቀድሞ ያቃጠለኝ። መታመማቸውን አውቃለሁ፣ ሞቱ አይቀርም ነበር። ያቺ ሴት ግን ጋሽ ወርቅነህን ከሩቅ ካልሆነ አይታቸው አታውቅም፤ ስለ እሳቸው የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም ውሸት ነው። ሰው ከሀገሩ ርቆ መጥቶ፣ ዕድሜውን አንድ ከተማ ላይ ጨርሶ፣ ስሙ እንዲህ ሆኖ ሲቀር ያንገበግባል። ስለዚህ የማውቀውን ልናገር።

ጋሽ ወርቅነህ የአሰላ ሰው ናቸው። ወረታ በዝውውር መጥተው፣ ዝውውሩ ሲያልቅም ሳይመለሱ የቀሩ። የሠራንበትን መሥሪያ ቤት ስም አልጠራም፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር ብል ይበቃል። እሳቸው የክፍል ኃላፊ ነበሩ፣ እኔ ከአንበሳሜ መጥቼ የተቀጠርሁ ታይፒስት፣ አስማረ ደግሞ የእሳቸው ምክትል። ሦስታችንም እማሆይ በላይነሽ ግቢ ክፍል ክፍል ተከራይተን ነበር የምንኖር። ለጋሽ ወርቅነህ አንቱ እያልሁ አስማረን አንተ ማለቴን የሚታዘበኝ ይታዘበኝ። ዛሬ አስማረን አንቱ የሚል ሞልቷል፤ እኔ አንድ ሰው ብጎድል አይጎዳም።

ጋሽ ወርቅነህ ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም። መጠጥ አይወዱም፣ ኳስ አይከታተሉም፣ ሰው አያሙም። ሱሳቸው አንድ ነበር፤ የካርታ ጨዋታ ይፈጥራሉ። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ኮንከር ማለቴ አይደለም፣ ማንም የማያውቀውን ጨዋታ ከባዶ ተነሥተው ያወጣሉ። ካርታውንም ራሳቸው ናቸው የሚሠሩት። ያለፈ ዓመት የግድግዳ ካላንደር ይቆርጣሉ፣ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ይሥሉበታል፣ ጠርዙን በምላጭ ያስተካክላሉ። ጥቂት ካርታ ናት፣ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ገብታ የምትረሳ። "ብዙ ካርታ የሚያስፈልገው ጨዋታ ፈጣሪው ሰነፍ ነው" ይላሉ። አዲስ ጨዋታ ያወጡ ዕለት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው በየበራችን ያንኳኳሉ።

"ኑ እስቲ ልኩን እንየው። ጨዋታ እንደ ጫማ ነው፤ የት ላይ እንደሚጠብ የሚያውቀው የሚያደርገው ሰው ነው።"

ሕግ ነበራቸው፣ ሁለት። አንደኛው፣ ገንዘብ አይነካም። ገንዘብ ይቅርና የክብሪት እንጨት ማስያዝ አይፈቅዱም። አንድ ጊዜ አስማረ በጨዋታ "የተሸነፈ ሻይ ይጋብዝ" ሲል ካርታውን ሰብስበው ኪሳቸው ከተቱት። "ሻይ ካማረህ እኔ እጋብዝሃለሁ፤ የሚበላ ነገር የገባበት ጨዋታ ግን ሥራ ነው፣ ሥራ ደግሞ ቢሮ ውስጥ አለልህ" አሉት። ሁለተኛው ሕጋቸው፣ ጨዋታው ለሁለት ሰው ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው "ሦስተኛ ሰው ሲጨመር ወሬ ይጀመራል፣ ካርታውን የሚያይ ይጠፋል" አሉኝ። እኔ የዚያን ጊዜ ሣቅሁ።

ካወጧቸው ሁሉ የበለጠው "ርብና ጉማራ" የሚሉት ነበር። ፎገራን የሚያውቅ ሰው ስሙን ሲሰማ ጨዋታውን ግማሹን ያውቀዋል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ሜዳውን የሚያጥለቀልቁት ሁለቱ ወንዞች ናቸውና። አንደኛው ተጫዋች ርብ ይሆናል፣ ሌላው ጉማራ። በመካከላቸው ሜዳው ይደረደራል፦ ሩዝ፣ ሽምብራ፣ ጓያ፣ ጎጆ፣ ላም። በየተራ ውኃ ይለቃሉ። መጥኖ የለቀቀ ያጠጣውን ይወስዳል፤ ስስት ይዞት ብዙ የለቀቀ ግን ጎርፍ ሆኖ ጠርጎ ለባላጋራው ያስረክባል። ሌላ ነገር የለውም። ሕፃን ይማረዋል፣ ሽማግሌ ይጣላበታል።

እማሆይ በላይነሽ መጀመሪያ ካርታ ሲያዩ አማትበው "ይኼን የሰይጣን መጫወቻ ከግቢዬ አውጡልኝ!" ብለው ነበር። ጋሽ ወርቅነህ አልተከራከሯቸውም። አንድ በአንድ እየገለጡ አሳዩዋቸው። ንጉሥ የለ፣ ወታደር የለ፣ ሩዝና ላም ብቻ። እማሆይ ጎንበስ ብለው ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ቆጣ አሉ።

"ላሚቱን ምነው ወንዝ ዳር አቆምሃት? ውኃው ሲመጣ ሊበላት ነው?"

"ጎርፍ ከመጣ ትወሰዳለች እማሆይ፣ ሕጉ እንደዚያ ነው።"

"ማን ያወጣው ሕግ? አንተ የአሰላ ሰው፣ የፎገራ ላም መቼ ውኃ በላት? አንገቷን አውጥታ እየዋኘች ትግጣለች እንጂ!"

ጋሽ ወርቅነህ እንደዚያ ቀን ሲደሰቱ አይቻቸው አላውቅም። እንደ ልጅ እያጨበጨቡ "ላም አትወሰድም! ላም አትወሰድም!" አሉና ሕጉን እዚያው ለወጡት። ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ነፍስ ዘራ። እማሆይም ከጸሎታቸው መልስ ግቢው መሐል ካለችው የዘይቱን ዛፍ ሥር ቁጭ እያሉ ጉማራን ይዘው ይገጥሟቸው ጀመር። ሲሸነፉ "እግዜር ያውቃል" ይላሉ። ጋሽ ወርቅነህ ሲያሸንፉ ደግሞ "ይቅርታ ያርጉልኝ" ይላሉ። ያሸነፈ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ያየሁት በእሳቸው ብቻ ነው።

የዘወትር ተጫዋቻቸው ግን አስማረ ነበር። ከሥራ ስንወጣ ሁለቱ ባዶ የለስላሳ ሣጥን ገልብጠው ዘይቱኗ ሥር ይቀመጣሉ። አስማረ ያን ጊዜ ቀጭን፣ ሣቂታ፣ የእግዜር በግ የሚመስል ልጅ ነበር። ጋሽ ወርቅነህ ሥራ አስተማሩት፣ ሲታመም ወጥ ሠርተው አበሉት፣ እናቱ ስትሞት አብረውት ሄደው ለቅሶ ተቀመጡ። ካርታ ላይ ደግሞ እኩያ ነበሩ። አንዱ የሌላውን እጅ ሳያየው ያውቀዋል። ሳይነጋገሩ ሲጫወቱ ከመስኮቴ አያቸውና ወንድም የሌለኝ መሆኑ ይቆጨኝ ነበር።

ከዚያ ያ ዘመን መጣ። ሁሉ ነገር አንድ ለአምስት የሆነበት ዘመን። ገበሬው አንድ ለአምስት፣ ተማሪው አንድ ለአምስት፣ እኛም ቢሮ ውስጥ አንድ ለአምስት። በየሳምንቱ አምስት አምስት እየሆንን ተፋጠን እንቀመጣለን፣ አንዱ ሌላውን ይገመግማል፣ ጥፋት የሌለበትም ጥፋት ፈልጎ ይዞ ይመጣል። ባዶ እጁን የመጣ "አድርባይ" ይባላል። ቀን ሲገማገም የዋለ ሰው ማታ ምን ተብሎ አብሮ ቡና ይጠጣል? ከተማው እርስ በርሱ መፈራራት ጀመረ። ጋሽ ወርቅነህ ብቻ ሣጥናቸውን ገልብጠው አስማረን ይጠሩታል፣ አስማረም ይመጣል።

የዓመቱ ትልቁ ግምገማ ሲደርስ ከዞን ሰብሳቢ መጣ። አዳራሹ ጢም ብሏል። የጋሽ ወርቅነህ ተራ ደረሰና ተነሥተው ቆሙ። ስለ ሥራቸው ማንም ምንም አላለም፤ የሚባል አልነበረም። ሰብሳቢው "በቃ? ንጹሕ ሰው አገኘን ማለት ነው?" ብሎ ፈገግ ሲል አስማረ እጁን አወጣ።

ልቤ "ሊያመሰግናቸው ነው" አለኝ።

"አቶ ወርቅነህ በሥራው ጎበዝ ነው" አለ አስማረ። አንተ ሲላቸው የሰማሁት ያን ቀን ነው። "ነገር ግን መታገል ያለብን ነገር አለ። ሠራተኛውን ካርታ ያለማምዳል። ቁማር ማለት ነው። እኔንም አለማምዶኛል፣ በዚህ ግለ ሂሴን አቀርባለሁ።"

ሰብሳቢው ብዕሩን አነሣ። ከዚያማ ሁሉም ደፋር ሆነ። አንዱ ተነሥቶ "ሁለት ሁለት እያደረገ ሰውን ከአደረጃጀት ይነጥላል" አለ። ሌላው፣ ጨዋታውን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ፣ "ጎርፍ የሚባል ካርታ አለ አሉ፤ ይኼ ጎርፍ ማንን ነው የሚወክለው?" ብሎ ጠየቀ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠየቅበት ዘመን ነበር፣ የሣቀም አልነበረም። እኔ ተነሥቼ "ስንት ዘመን አንድ ግቢ ስንኖር አምስት ሳንቲም ሲያስይዙ አላየሁም፣ እማሆይም ይመስክሩ" አልሁ። "መነኩሲት በግምገማ አትመሰክርም፤ አንቺም ተራሽ ሲደርስ ትናገሪያለሽ" ተባልሁና ተቀመጥሁ።

ሰብሳቢው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ምሳ ሰዓት ደርሶበት ነበር። "አቶ ወርቅነህ፣ ነገሩን አናካብደው። ቁማር ነበር፣ ተሳስቻለሁ በልና ሂስህን ውጥ። ቦታህ ላይ ትቀጥላለህ" አላቸው።

ጋሽ ወርቅነህ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ዓይናቸው ላይ አደረጉ።

"ሰነፍ ነህ በሉኝ፣ እውጣለሁ። አርፍደህ ትመጣለህ በሉኝ፣ ባላረፍድም እውጣለሁ። ይኼን ግን አልልም። ቁማር አይደለማ!"

"አንድ ቃል ናት እኮ!"

"አንድ ቃል ናት። ለእኔ ግን ያለችኝ እሷ ብቻ ናት" አሉና ተቀመጡ።

ከኃላፊነት ተነሡ። ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደቡ፣ አካፋና ማዳበሪያ ከረጢት መሐል። ወንበራቸው ላይ አስማረ ተቀመጠ። ወሬው ከቢሮ ወጥቶ ከተማው ውስጥ ሲዞር "በቁማር ከሥልጣን የወረደው" ሆነ፣ ቆይቶ "ቁማርተኛው" ብቻ ሆነ። አሰላ ድረስም ደረሰ፤ እህታቸው ደውላ አልቅሳባቸዋለች። ያንን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። "ቁማር አይደለም ብላት 'ታዲያ ለምን አወረዱህ?' አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?"

አስማረ ወዲያው ግቢውን አልለቀቀም። ከሥራ ሲመለስ ዘይቱኗ አጠገብ ቆም ይል ነበር። አንድ ቀን በሬን ከፍቼ ልብስ ሳሰጣ ቀረብ ብሎ "ጋሼ፣ አንጫወትም?" ሲላቸው ሰማሁ። ጋሽ ወርቅነህ ደህና አድርገው ሰላም አሉት፣ ስለ ጤናው ጠየቁት፣ ከዚያ "እኔ እንኳ ትቻለሁ፣ ወገቤን ያመኛል" አሉት። ብዙም ሳይቆይ አስማረ የተሻለ ቤት አግኝቶ ወጣ። ኋላም ወደ ዞን አደገ።

ጋሽ ወርቅነህ ግን ካርታውን አልተዉም ነበር። ይኼን ያወቅሁት ወንዛዬ ከሚባለው ቦታ ነው። እናቴን ፍል ውኃ ላስጠምቅ ወስጃት ሳለ ጋሽ ወርቅነህን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ለወገባቸው መጥተው። ፊታቸው ላይ ጋቢያቸውን አንጥፈው ካርታ ደርድረዋል። ማንም ከፊታቸው የለም።

"ማንን ነው እሚገጥሙት?"

"ወፍ" አሉኝ።

አዲስ ጨዋታ ነበር፣ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን። "ማማ" ብለውታል። አንድ ሰው ማማ ላይ ወጥቶ ሩዙን ከወፍ ይጠብቃል። ካርታው በተገለጠ ቁጥር ወፍ በአንዱ በኩል ይመጣል። የወንጭፍ ድንጋዩ ጥቂት ነው፣ ወፉ ብዙ። ጨዋታው የትኛውን ማሳ ለወፍ ትቶ የትኛውን እንደሚያድኑ መምረጥ ነው።

"ሁሉንም ማዳን አይቻልም?"

"አይቻልም። እንዲቻል አድርጌ ሠርቼው ነበር፣ በማግሥቱ ሰለቸኝ።"

አጠገባቸው ተቀምጬ "እኔ ልግጠምዎት፣ ርብና ጉማራን እችላለሁ እኮ" አልኋቸው። ረዘም አድርገው አዩኝ። ክፋት አልነበረበትም አስተያየታቸው፣ ያሳመመኝም እሱ ነው።

"ልጄ፣ ለሁለት የሚሆን ጨዋታ ስሠራ አንድ ነገር አምኜ ነበር የምሠራ። ከፊቴ የተቀመጠው ሰው እንዳሸንፈው አይፈልግም፣ እንድጎዳ ግን አይፈልግም። ያ እምነት ከሌለ ሕጉን ከየት አመጣዋለሁ? አንቺ ደግ ነሽ። ግን አንቺንም እያየሁ አስባለሁ አሁን፤ ይቺስ መቼ ትነሣብኝ ይሆን እላለሁ። እንዲህ ሆኖ ካርታ አይሠራም።"

ይኼን ካሉኝ በኋላ ስለ አስማረ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩም፣ እስኪሞቱ። እኔ ነኝ ስለ ሁለታችን የምጠላው። ለብቻ የሚሆኑ ጨዋታዎች ግን መሥራት ቀጠሉ። አንዱ ስለ ጀልባ ነበር፣ አንዱ ስለ ሰፈር ውሾች፣ አንዱ ስም አልነበረውም። ከበፊቶቹ የተሻሉ ነበሩ፣ ይኼን ማመን ያናድዳል። ጡረታ ወጡ፣ ታመሙ፣ እማሆይ አስታመሟቸው። ያ የአንድ ለአምስቱ መንግሥት ገና ሳይወርድ፣ ከላይ እንዳልሁት በገበያ ቀን፣ ሞቱ።

እህታቸው ከአሰላ ደረሰች፤ ጥቁር የለበሰች፣ ቁርጥ እሳቸውን የምትመስል ሴት። ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪክ ማን ያንብብ ሲባል ዕድሩ ተማከረና "በደንብ የሚያውቃቸው አቶ አስማረ ነው፣ ትልቅ ሰውም ነው፣ ለሟች ክብር ይሆናል" አለ። መኪናውን ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አቁሞ ገባ። ወፍሯል፣ ጸጉሩም ሸሽቷል። ወረቀቱን ዘርግቶ ማንበብ ጀመረ። መቼ እንደተወለዱ፣ የት እንደተማሩ፣ ሀገራቸውን እንዴት እንዳገለገሉ አነበበ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ።

"አንዳንዶች ስሙን ሊያጠፉ ቢሞክሩም፣ አቶ ወርቅነህ ከመጠጥም ከቁማርም የራቀ፣ ካርታ የሚባል ነገር በእጁ ነክቶ የማያውቅ ንጹሕ ሰው ነበር።"

እዚህ ላይ አለቀሰ። እንባው የውሸት አልነበረም። በእሱ ቤት ዕዳውን መክፈሉ ነበር፤ ደሜን ያፈላውም ይኼው ነው። አንዲት ቃል አልልም ብለው ወንበራቸውንም ስማቸውንም የሰጡላትን ጨዋታ፣ መልስ መስጠት በማይችሉበት ቀን፣ እሱ ካደባቸው። በሕይወት ሳሉ ቁማር አላት፣ ሲሞቱ ጨርሶ ነክተዋት አያውቁም አለ። እህትየዋ ግን "ተመስገን! ተመስገን!" እያለች መሬቱን ሳመች። ሕዝቡም ራሱን እየነቀነቀ ከንፈሩን መጠጠ።

ከቀብር መልስ ክፍላቸውን ልናስተካክል ገባን። እህትየዋ አልጋውን ስታነሣ ካርታዎቹ ከፍራሹ ሥር ወጡ፣ በላስቲክ ታስረው፣ እስር በእስር። ፊቷ ተለዋወጠ።

"የማን ነው ይኼ? ማን ነው እዚህ የሸጎጠበት?"

አስማረ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። አየሁት። ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። መሬት መሬቱን ያያል።

"የእሳቸው ናቸው እትዬ" አልኋት። "በእጃቸው የሣሉት ነው። ጨዋታ ይፈጥሩ ነበር፤ ቁማር አይደለም፣ ሳንቲም አይነኩም ነበር። ይኼ የሕይወት ሥራቸው ነው፣ ለእርስዎ የሚገባ ነው፣ ይያዙት።"

ካርታዎቹን ደረቷ ላይ አድርጋ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ያ አሰላ ሆና የሰማችው ወሬ ሁሉ ከእኔ አፍ የወጣ ይመስል።

"ሞቶ እንኳ አትተዉትም?" አለችኝ።

ወጥታ ለለቅሶተኛው ወጥ የሚሠራበት ጉልቻ ሥር፣ እሳቱ ውስጥ ከተተቻቸው። አስማረ ክንዷን ደግፎ ወደ ድንኳኑ አስገባት።